ድንበር የማይሻገር ፈቃድ

በአሜሪካ ሽጉጥ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ የሚሰጠው ፈቃድ የሰጪው ግዛት ንብረት ነው። የቴክሳስ ፈቃድ የቴክሳስ፣ የፔንሲልቬንያም የፔንሲልቬንያ። የመንጃ ፈቃድ በሃምሳውም ግዛቶች ያለ ጥያቄ ያገለግላል፤ በአንዱ ግዛት በወጉ የተፈጸመ ጋብቻ በሌላውም ጋብቻ ነው። የመታጠቂያ ፈቃድ ግን ጎረቤት ግዛት ወድዶ ካልተቀበለው በቀር ድንበሩ ላይ ያበቃል። ከድንበሩ ማዶ ያለው ሰው ትናንት ባለፈቃድ የነበረ ቢሆንም ዛሬ ሕገወጥ መሣሪያ የያዘ ተጠርጣሪ ነው። ይህ ሁኔታ በአንድ አዋጅ የመጣ አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ደግሞ የመንገደኛው ዕጣ ፈጽሞ ተገልብጧል። በመጀመሪያዎቹ ሕጎች ነዋሪው ሲከለከል መታጠቅ የተፈቀደለት መንገደኛው ነበር። አሁን ነዋሪው ይፈቀድለታል፣ መንገደኛው ይታሰራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያን ሰውሮ መታጠቅን በሕግ የከለከሉት የመጀመሪያዎቹ ግዛቶች ኬንታኪና ሉዊዚያና ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሕጋቸውን ያወጡት በ1813 ነው። በዚያ ዘመን በደቡብና በምዕራብ ጠረፍ ከተሞች ጠብ የሚያልቀው በጩቤና በኪስ ሽጉጥ ነበር። የሕግ አውጪዎቹ ቁጣ ያረፈው ከመሣሪያው ይልቅ በመደበቁ ላይ ነው። ጎራዴውን በወገቡ፣ ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ለሁሉም ይታያል፤ ከኮቱ ሥር ሽጉጥ የሸሸገ ወይም በከዘራው ውስጥ ስለት የደበቀ ግን አድፍጦ የሚገድል ፈሪ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ኬንታኪ እንዲህ ያለውን ሰው ቢያንስ 100 ዶላር ትቀጣው ነበር፤ ለዘመኑ ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ ነው። ከዚህ ቅጣት የዳነው በጉዞ ላይ ያለ ሰው ነበር። ኢንዲያና በ1820 ያወጣችው ክልከላም መንገደኞችን እንደማይመለከት በግልጽ ጽፏል። ቴነሲ በ1821 ነገሩን ይበልጥ አብራራችው፦ ከካውንቲው (ከግዛቱ ወረዳ) ወይም ከግዛቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚጓዝ ሰው ከ5 ዶላሩ ቅጣት ነፃ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን መንገድ ማሰብ ይበቃል። የኬንታኪና የኦሃዮ ጀልበኞች ዱቄታቸውንና ሥጋቸውን በሚሲሲፒ ወንዝ አውርደው ከሸጡ በኋላ፣ የእንፋሎት ጀልባ እስኪስፋፋ ድረስ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱት በእግር ወይም በፈረስ ነበር። ከናቼዝ እስከ ናሽቪል የሚዘልቀው የጫካ መንገድ የሽፍታ መናኸሪያ በመሆን ስሙ የወጣ ነው። መንገደኛው የዓመት ልፋቱን በጥሬ ገንዘብ ቋጥሮ በዚያ ያልፋል። ቤቱ ያለ ሰው ጎረቤት አለው፣ ዳኛ አለው፣ ሲጮህ የሚደርስለት አለው፤ መንገደኛ ማን አለው? ሕጉ ይህን አውቆ ነው የተወው። አላባማ፣ አርካንሶና ሌሎችም የደቡብ ግዛቶች በየተራ የመታጠቅ ክልከላ ሲያወጡ፣ መንገደኛን ነጥሎ የሚያወጣ አንቀጽ በየሕጋቸው ውስጥ ገባ።

አንቀጹ ሲጻፍ ቀላል ይምሰል እንጂ ሲዳኝበት ግን ከባድ ነበር። መንገደኛ ማነው? የቴክሳስ ምክር ቤት በ1871 ሽጉጥን በሰውነት ላይ፣ በኮርቻ ላይ ወይም በኮርቻ ከረጢት ውስጥ መያዝን ሲከለክል፣ በግዛቱ ውስጥ የሚጓዙ ሰዎች ከጓዛቸው ጋር መሣሪያ ቢይዙ እንደማይነካቸው ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ አንድ ቃል ሲከራከሩ ኖሩ። ርቀቱ ስንት ይሁን? በዚያው ቀን የሚመለስ ሰው መንገደኛ ይባላል? ሌሊቱን ውጭ ማደር ይጠበቅበታል? በመንገዱ ላይ ለጨዋታ ወይም ለመጠጥ ጎራ ያለ ሰው መንገደኛነቱ ይቋረጣል ወይስ ሲነሣ ይቀጥላል? አንዱ ዳኛ የፈታውን ሌላው ያስረው ስለነበር፣ ተጓዡ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ችሎት ፊት ቆሞ ነው። አርካንሶ ቃሉን ዛሬም ትጠቀምበታለች፤ በሕጓ ጉዞ ማለት ሰው ከሚኖርበት ካውንቲ ውጭ መሄድ ነው። ቴክሳስ ደግሞ በመኪናው ውስጥ መሣሪያ ይዞ የሚጓዝ ሰላማዊ ሰው መንገደኛ ነው ተብሎ እንዲገመት የደነገገችው በ2005 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና ውስጥ ያለ ፈቃድ መያዝን በቀጥታ ፈቅዳ ክርክሩን ዘጋችው።

የመንገደኛው መብት ግን የሁሉም መንገደኛ አልነበረም። በ1857 በታወቀው የድሬድ ስኮት ፍርድ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ታኒ ጥቁሮች ዜጋ ሊባሉ አይችሉም ለማለት ያቀረቡት አንዱ መከራከሪያ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዜጋ ናቸው ከተባለ፣ አሉ ታኒ፣ ያለ ፓስፖርት ከግዛት ወደ ግዛት እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ፣ የፈለጉትን በአደባባይ ይናገራሉ፣ በሄዱበት ሁሉም መሣሪያ ይታጠቃሉ። ከግዛት ግዛት ታጥቆ መጓዝ የዜግነት ምልክት መሆኑን ዳኛው አምነዋል፤ ያመኑት ግን ለመከልከል ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሚሲሲፒ በ1865 ነፃ የወጡ ጥቁሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይኖራቸው ሕግ አወጣች። ፍሎሪዳም በ1893 ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃ ለመያዝ፣ በኋላም ሽጉጥ ለመያዝ የካውንቲ ፈቃድ እንዲያስፈልግ አደረገች። በ1941 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሪቨርስ ቡፎርድ ይህ ሕግ ጥቁር ሠራተኞችን ትጥቅ ለማስፈታት የወጣ እንደነበርና በነጮች ላይ እንዲሠራ ታስቦ እንደማያውቅ በውሳኔ ላይ ጽፈዋል። የፈቃድ ታሪክ ሲነገር ይህን መዝለል አይገባም፤ ፈቃድ ሰጪው ሰው ማን እንደሆነና ማንን እንደሚፈራ የሚያሳየው ይህ ክፍል ነው።

በምዕራብ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር። የከብት ነጂዎች ከተሞች፣ ካንሳስ ውስጥ እንደ ዊቺታና ዶጅ ሲቲ ያሉት፣ ከወራት ጉዞ በኋላ ደመወዙን ተቀብሎ የሚገባውን ላም ነጂ ሽጉጡን እንዲያስረክብ ያደርጉት ነበር። እንግዳው መሣሪያውን በፖሊስ ጣቢያ፣ በሆቴል ወይም በፈረስ ማደሪያ ያስቀምጣል፣ ሲወጣ መልሶ ይወስዳል። በአሪዞና የብር ማዕድን ከተማ በቱምስቶን በሚያዝያ 1881 የወጣው 9ኛው ደንብ ይህን በዝርዝር ጽፎታል፦ በከተማው ክልል ያለ ፈቃድ ገዳይ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው፤ ወደ ከተማው የሚገባ ወይም ከከተማው የሚወጣ ሰው ግን በቅን ልቦና፣ በተገቢው ጊዜ ውስጥ መሣሪያውን ወደሚያስቀምጥበት ቦታ እየሄደ ወይም ከዚያ እየወሰደ ከሆነ አይነካም። ሕጉ ለመንገደኛው የሰጠው ከከተማው በር እስከ ፈረስ ማደሪያው ያለውን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 26 ቀን የከተማው ማርሻል ቨርጂል ኧርፕ ወንድሞቹንና ጓደኛቸውን ዶክ ሆሊዴይን አስከትሎ ኦ ኬ ኮራል በተባለው በረት አጠገብ ወደቆሙት ከብት ነጂዎች የሄደው በዚሁ ደንብ መሠረት መሣሪያቸውን ሊያስፈታ ነበር። የተኩሱ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከከብት ነጂዎቹ ቢሊ ክላንተንና ሁለቱ የማክላውሪ ወንድማማቾች ሞቱ። በፊልም ለሚያውቁት ሁሉ የጀግኖች ፍልሚያ የሆነው ይህ ታሪክ ሲጀመር የመሣሪያ ማስቀመጫ ደንብ ጉዳይ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ክልከላና ልዩ ሁኔታ በፈቃድ ተተካ። የዚህ መነሻ የኒውዮርኩ ፖለቲከኛ ቲሞቲ ሱሊቫን በ1911 ያሳለፈው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ በኪስ የሚገባ ሽጉጥ መያዝ ብቻውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መንቀሳቀስ ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢው ባለሥልጣን በመሆኑ ፈቃዱ ከሰጪው ወንበር ጋር ተጣበቀ። እስከ ዛሬም በኒውዮርክ ግዛት ሌላ ከተማ የተሰጠ ፈቃድ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ኮሚሽነር ካልፈቀዱ በከተማው ውስጥ አይሠራም። ማለትም በአንድ ግዛት ውስጥ እንኳ ድንበር አለ።

በ1920ዎቹ የሽጉጥ ተኳሾች ማኅበር ግዛቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕግ ቢያወጡ ይሻላል ብሎ ረቂቅ አዘጋጀ፤ ካሊፎርኒያና ኒው ሃምፕሻየር በ1923 በዚህ ረቂቅ ተጠቀሙ። የግዛቶችን ሕግ ለማቀራረብ የተቋቋመው የኮሚሽነሮች ጉባኤም ሐሳቡን ወስዶ በ1926 የራሱን አወጣ፤ በ1930ዎቹ ፔንሲልቬንያ፣ ዋሽንግተንና አላባማ ተቀበሉት። አንድ ወጥ ሕግ የተመኙት ሰዎች ያገኙት ግን አንድ ወጥ ፈቃድ አይደለም። ረቂቁ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለአካባቢው ሹም ወይም ዳኛ ተወው፤ ሹሙ አመልካቹን ሲያምነው ይሰጠዋል፣ ሳያምነው ይከለክለዋል። በጥር 1956 በሞንትጎመሪ አላባማ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ሲመታ፣ ሚስታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ውስጥ ነበሩ። ኪንግ ከዚያ በኋላ ሽጉጥ በመኪና ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በመላ አሜሪካ ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው አመልካች ማግኘት በሚያስቸግርበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው።

የሹሙ ፈቃደኝነት የነገሠበት ይህ ሥርዓት መፈራረስ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ዋሽንግተን በ1961፣ ጆርጂያ በ1976፣ ኢንዲያና በ1980 መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ፈቃድ እንዲሰጥ ደነገጉ። ሌሎቹን የሳበችው ግን ፍሎሪዳ ናት። እስከ 1987 ድረስ 67ቱ የፍሎሪዳ ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መስፈርት ነበር የሚሠሩት፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት 1 ቀን በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ፈቃዱን ከካውንቲ አውጥቶ የግዛቱ አደረገው፣ ዕድሜውን የሞላ፣ ከባድ ወንጀል የሌለበትና ሥልጠና የወሰደ ሁሉ እንዲያገኝም አዘዘ። ቴክሳስ በዚሁ መንገድ የሄደችው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት በጥቅምት 1991 በኪሊን ከተማ በአንድ ምግብ ቤት 23 ሰዎች ተገድለዋል። በምግብ ቤቱ የነበረችው ሱዛና ሃፕ በዚያ ቀን ሁለቱንም ወላጆቿን አጣች፤ ሽጉጧን ግን ሕግ እንዳትጥስ ብላ መኪናዋ ውስጥ ትታው ነበር። ምስክርነቷ በብዙ ምክር ቤቶች ተሰማ፣ እሷም በ1996 የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ሆና ተመረጠች።

ግዛት አቀፍ ፈቃድ ሲመጣ አዲሱ ጥያቄ አብሮ መጣ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ካርድ ይዘው በየአውራ ጎዳናው ይጓዛሉ፤ ካርዱ የት ድረስ ይሠራል? ኮንግረስ በ1986 ያወጣው የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ መልሱን በከፊል ሰጥቶ ነበር። መሣሪያውን በሚነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ በሕግ መያዝ የሚችል ሰው በመካከል ያለውን ግዛት አቋርጦ ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ፣ ከተሳፋሪው እጅ የራቀ መሆን አለበት። የኋላ ዕቃ መጫኛ በሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከፊት ወንበሩ ፊት ያለው መሳቢያ ቢቆለፍም አይቆጠርም። እንግዲህ ይህ ሕግ የሚጠብቀው ዕቃን ነው። ሰው ታጥቆ እንዲሄድ አያደርግም፤ የሚከላከልበትን መሣሪያ እንደ ሻንጣ ጭኖ እንዲያልፍ ብቻ ነው የሚፈቅድለት።

ጥበቃው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በ2005 በኒው ጀርሲ የደረሰው ያሳያል። ከዩታ ወደ ፔንሲልቬንያ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ሽጉጡን በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ አድርጎ፣ ለአየር መንገዱ አስታውቆ ሻንጣው ውስጥ ላከው። በኒውዋርክ ሁለተኛው በረራ አመለጠው። አየር መንገዱ ሻንጣውን መለሰለት፣ እሱም ይዞት ሆቴል ሄዶ አደረ። በማግስቱ አውሮፕላን ጣቢያ ተመልሶ እንደ ልማዱ ሽጉጥ እንዳለው ሲያስታውቅ ታሰረ፤ ለቀናት ከታሰረ በኋላ ክሱ ተነሣ። ካሣ ጠይቆ የከሰሰበትን ጉዳይ የመረመረው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ2010 ሲወስን፣ ሻንጣው ሆቴል ክፍል ውስጥ እጁ ላይ ስለነበር የ1986ቱ ሕግ እንደማይጠብቀው አስታወቀ። ዳኞቹ ሰውየው ወጥመድ ውስጥ እንደገባ አልካዱም፤ ሌሊቱን ፖሊስ ዘንድ ማስቀመጥ ይችል ነበር ብለዋል። ከቱምስቶን ደንብ 129 ዓመት በኋላ መንገደኛው መሣሪያውን የሚያስረክብበት ቦታ መፈለግ ነበረበት፤ ልዩነቱ ቱምስቶን ቦታውን በሕጓ ጽፋ ማሳወቋ ነው።

ስለዚህ የታጠቀ መንገደኛ ጉዳይ ለግዛቶች ፈቃደኝነት ተተወ፣ እነሱም እርስ በርስ መዋዋል ጀመሩ። የሕገ መንግሥቱ አራተኛ አንቀጽ ግዛቶች አንዳቸው የሌላውን የፍርድና የመዝገብ ሰነድ እንዲያምኑ ቢያዝም፣ የመታጠቂያ ፈቃድን እንዲቀበሉ አያስገድድም ተብሎ ነው የተያዘው። የመንጃ ፈቃድም ቢሆን ድንበር የተሻገረው ግዛቶቹ በየሕጋቸውና በየስምምነታቸው ስለተቀበሉት ነው። አንዳንዶቹ እንደ ኢንዲያና የሁሉንም ፈቃድ ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ለተቀበለ ብቻ ይቀበላሉ። ሌሎቹ የሥልጠና ሰዓቱን፣ የዕድሜውን፣ የጣት አሻራውን መስፈርት ከራሳቸው ጋር አመዛዝነው ይወስናሉ። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ኢሊኖይና ሌሎች ጥቂት ግዛቶች ግን የማንንም ፈቃድ ለማክበር አልተስማሙም። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የየግዛቱን ስምምነት በቀለም የሚያሳይ ካርታ ተፈጠረ፤ ካርታው በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በየወሩ ይለወጣል።

በዚህ ካርታ ቀዳዳ የሚጠቀሙ አልጠፉም። ፍሎሪዳና ዩታ የግዛታቸው ነዋሪ ላልሆነ ሰውም ፈቃድ ይሰጣሉ። የፊላደልፊያ ፖሊስ ፈቃድ የከለከላቸው የከተማዋ ነዋሪዎች ወደ ፍሎሪዳ በፖስታ አመልክተው የዚያን ካርድ ያገኙ ነበር፤ ፔንሲልቬንያ ከፍሎሪዳ ጋር ስምምነት ስላላት በገዛ ከተማቸው በሌላ ግዛት ፈቃድ ታጠቁ። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ካትሊን ኬን ስምምነቱን በ2013 አሻሽለው የፍሎሪዳን ፈቃድ ለፍሎሪዳ ነዋሪዎች ብቻ አደረጉት። ኔቫዳ በዩታ ሥልጠና ላይ እምነት አጥታ ቀደም ብላ ስምምነቷን ሰርዛ ነበር፤ ዩታም በ2011 ፈቃዷን የሚያከብር ግዛት ነዋሪ የሆነ አመልካች መጀመሪያ የአገሩን ፈቃድ እንዲያመጣ ደነገገች።

ከሁሉ የሚያስገርመው የቨርሞንት ጉዳይ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1903 የራትላንድ ከተማ ለመታጠቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ደንቧን ውድቅ ስላደረገው፣ ቨርሞንት የመታጠቂያ ፈቃድ ኖሯት አያውቅም። ሰላማዊ ሰው ሁሉ ያለ ወረቀት ይታጠቃል። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ነፃ ሰው ድንበር ሲሻገር የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ስለዚህ ከግዛቱ ታጥቆ መውጣት የሚፈልግ ቨርሞንታዊ ለኒው ሃምፕሻየር ወይም ለፍሎሪዳ እያመለከተ የእንግዳ ፈቃድ ያወጣል።

የስምምነቶቹን ተሰባሪነት ቨርጂኒያ አሳይታለች። በታኅሣሥ 2015 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማርክ ሄሪንግ የ25 ግዛቶች መስፈርት ከቨርጂኒያ ያነሰ ነው በማለት ፈቃዳቸውን መቀበል እንደሚቆም አስታወቁ። ብዙዎቹ ግዛቶች መቀበልን ከመቀበል ጋር ያሰሩ ስለነበሩ የቨርጂኒያ ሰዎችም በየቦታው መብታቸውን ሊያጡ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አገረ ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተስማሙ፦ የሁሉም ግዛቶች ፈቃድ ይከበራል፤ በምትኩ ዘላቂ የጥበቃ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይኖረው ይደረጋል። ሕጉ በሐምሌ 2016 ሥራ ላይ ዋለ። በግማሽ ዓመት ውስጥ አንድ ተጓዥ መጀመሪያ ተቀባይነት ያለው፣ ቀጥሎ ሊያጣው የተቃረበ፣ ከዚያ መልሶ ያገኘ ሰው ሆነ፤ ካርዱ ግን ያው ካርድ ነው።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ማኅበረሰቡ የሰፈረው በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ፣ እንዲሁም በዋና ከተማዋ ነው፤ መኖሪያው በአንዱ፣ ሱቁ በሌላው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በሦስተኛው የሆነ ሰው ብዙ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ የሚሰጠው በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው፤ ሜሪላንድም ዲሲም አይቀበሉትም። በፖቶማክ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ሦስቱንም ይነካል፦ ከአሌክሳንድሪያ ይነሣል፣ በመካከሉ የዲሲን ጫፍ ያቋርጣል፣ ሜሪላንድ ላይ ያርፋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሕግ ይፈራረቃል፤ ሾፌሩ የሚያየው ግን ውኃውንና ከፊቱ ያሉትን መኪኖች ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከእስራት ያልፋል፤ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ በሕገወጥ መሣሪያ መያዝ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከአገር ሊባረር ይችላል።

ፈቃዱ የተከበረበት ግዛት ቢሆንም እንኳ ተጓዡን የሚገዛው የሚያልፍበት ግዛት ሕግ ነው። መጠጥ ቤት መግባት፣ የጥይት ካዝናው መጠን፣ ፖሊስ ሲያስቆም መታጠቅን ቀድሞ መናገር በየቦታው ይለያያል። በፌዴራሉ የትምህርት ቤት ዙሪያ ሕግ መሠረት ደግሞ ከትምህርት ቤት 300 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ ታጥቆ ለማለፍ ፈቃዱ ትምህርት ቤቱ ባለበት ግዛት የተሰጠ መሆን አለበት። ግዛቱ እውቅና ሰጥቷል ማለት ይህን ፈቃድ ሰጥቷል ማለት አይደለም። በከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት አጠገብ ሳያልፍ የሚነዳ ሰው አይገኝም።

በ2013 አንዲት የፊላደልፊያ ነዋሪ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ወደ ኒው ጀርሲ ስትነዳ በትራፊክ ፖሊስ ቆመች። የፔንሲልቬንያ ፈቃድ እንዳላትና ሽጉጥ መያዟን ራሷ ነገረችው። ፈቃዷ በሁለቱ ግዛቶች መካከል ያለውን ድልድይ ሲሻገር እንዳበቃ አታውቅም ነበር። በኒው ጀርሲ ሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተደቀነባት። ጉዳዩ በሀገር ደረጃ ከተሰማ በኋላ ከእስራቱ ዳነች፣ በ2015ም አገረ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ሙሉ ምሕረት አደረጉላት። በዚህ ታሪክ የሚያመው ነገር ሴትየዋን ወህኒ ደጃፍ ያደረሳት እውነት መናገሯ መሆኑ ነው።

ኮንግረስ ለአንድ ወገን ብቻ ድንበሩን ከፍቷል። በ2004 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ፖሊሶችና መስፈርቱን ያሟሉ ጡረተኛ ፖሊሶች በመላ ሀገሪቱ ሰውረው እንዲታጠቁ ይፈቅዳል። ለሌላው ዜጋ ተመሳሳዩን ለማድረግ የቀረቡት ረቂቆች ግን እየተቃረቡ ወድቀዋል። በ2009 የሴናተር ጆን ቱን ማሻሻያ 58 ለ39 ድምፅ አግኝቶ ለሚያስፈልገው 60 ሁለት ጎደለው፤ በ2013 ሌላው 57 ድምፅ ላይ ቆመ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2011 ቀጥሎም በታኅሣሥ 2017 ረቂቆቹን አሳልፏል፤ የኋለኛውን 231 ለ198። ሴኔቱ ግን ሁለቱንም ሕግ አላደረጋቸውም። በክርክሩ ውስጥ ወገኖቹ ቦታ ተቀያይረዋል። ዘወትር ለግዛቶች ሥልጣን የሚሟገቱት ፌዴራል ሕግ ይጫን አሉ፤ ዘወትር ፌዴራላዊ የመሣሪያ ቁጥጥር የሚጠይቁት ደግሞ ግዛቶች ራሳቸው ይወስኑ አሉ። የኋለኞቹ ጭንቀት ተገቢ ነው፦ ሥልጠና የምትጠይቅ ግዛት ያለ ሥልጠና የተሰጠ ካርድ እንድትቀበል ስትገደድ፣ የሕግ ደረጃው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። ይህ ግን ድልድይ ሲሻገሩ ወንጀለኛ ለሚሆኑት ሰላማዊ ሰዎች መልስ አይሆንም።

ጉዳዩን ከምክር ቤት ወደ ችሎት የመለሰው በሰኔ 2022 «ብሩን» በሚባለው ክስ የተሰጠው ውሳኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ በዳኛ ክላረንስ ቶማስ ጸሐፊነት፣ ከቤት ውጭ መታጠቅ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የሚጠብቀው መብት ነው አለ፤ ኒውዮርክ ከ1911 ሕግ በወረሰችው መንገድ አመልካቾች ልዩ ምክንያት እንዲያስረዱ መጠየቋንም ሻረ። ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲና ሃዋይም ተመሳሳይ ሕጋቸውን ለማሻሻል ተገደዱ። ውሳኔው ግን ስለ ሌላ ግዛት ፈቃድ በቀጥታ አልተናገረም። መብቱ የሰው ከሆነ፣ ግዛት ሲሻገር ይጠፋል? ይህን ጥያቄ ከኒው ሃምፕሻየር ተሻግረው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሽጉጥ ይዘው የተገኙ ሁለት ሰዎች ጉዳይ አነሣው። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 በሁለቱ ላይ የተለያየ ውሳኔ ሰጠ። እንግዳ ሰው ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱን ለሹም ፈቃደኝነት የተወው የቀድሞው ሕግ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ተባለ፤ መስፈርቱን ላሟላ እንግዳ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድደው የኋለኛው ሕግ ግን ጸና። ግዛቱ የኒው ሃምፕሻየርን ካርድ እንዲያከብር አልተገደደም። እንግዳው እንደ ነዋሪው አመልክቶ፣ ተመርምሮ የማሳቹሴትስን ካርድ የማውጣት ዕድል ማግኘቱ ይበቃል ተባለ።

በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ፈቃዱ ራሱ እየቀረ ነው። አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ፈቀዱ፤ እስከ 2024 ድረስ 29 ግዛቶች ይህን አድርገዋል፣ በአብዛኞቹም እንግዳ ሰው ልክ እንደ ነዋሪው ያለ ወረቀት ይታጠቃል። ሆኖም እነዚህ ግዛቶች ፈቃድ መስጠትን አላቆሙም። ሰሜን ዳኮታ ሁለት ደረጃ ፈቃድ አላት፤ ከፍተኛውን፣ ተጨማሪ ፈተና ያለውን፣ ብዙ ግዛቶች ይቀበሉታል። አይዳሆ በ2013 ሥልጠናውን ያጠበቀ ሁለተኛ ፈቃድ የጨመረችው ጎረቤቶቿ እንዲያከብሩት ነው። አላስካም ካርዱን ያስቀረችው ለዚሁ ነው። የአንኮሬጅ ነዋሪ በከተማው ለመታጠቅ ምንም ወረቀት ሳያስፈልገው የሥልጠናውን ክፍል ይቀመጣል፣ አሻራውን ይሰጣል፣ ክፍያውን ይከፍላል፤ የሚቀበለው ካርድ በአገሩ አይጠየቅም፣ የሚያገለግለው ሲጓዝ ነው።